ገጽ መቶ አርባ ሁለት

«ሰዓት ሠሪው ግን ምን ዓይነት አውሬ ነው?» አለች ከፊቴ ከተቀመጡት ሁለት ሴቶች አንደኛዋ፣ አውቶቡሱ ገና ከመነሻው ሳይወጣ። ጓደኛዋ አውሬስ ለወለደችው ይራራል ብላ መለሰችላት። መጀመሪያ ጎረቤት የሚያሙ መስሎኝ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤ የሰው ሐሜት ለደራሲ ቀለቡ ነው። ኋላ ግን በመስኮቱ በኩል ያለችው ከቦርሳዋ መጽሐፍ አውጥታ ጭኗ ላይ ስታሳርፈው ሽፋኑን አየሁት። «ስትወጪ በሩን ዝጊው» ይላል። የእኔ መጽሐፍ ነው። ከወጣ ሁለት ወሩ ሲሆን በእነዚህ ሁለት ወራት ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ ራሴን ላሞግስ ብነሣማ ማን ይመልሰኛል። የመጀመሪያው እትም እንደ ማለዳ ጤዛ ነው የጠፋው። መጽሐፍ መደብር ደጃፍ ላይ አጥተው ያለቀሱ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ ባላይም የነገረኝ ሰው ከእኔ ያነሰ ነው የሚዋሸው። የሴትየዋ ቅጂ ጠርዙ ተልጦ፣ ሻይ ፈሶበት፣ እንዳይበተን በላስቲክ ታስሮ ነበር። ሃያ እጅ ሳይዞር አልቀረም። ልቤ ሞቀ። ቀጥሎ የተናገሩት ነው ያቀዘቀዘው።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ፤ የማታውቁት ካላችሁ ማለቴ ነው። በመጽሐፌ ውስጥ አንዲት እናት ታማ አልጋ ላይ ናት። አራት ዓመት ያስታመመቻት ትልቋ ልጇ አንድ ቀን ጧት ሻንጣዋን አንሥታ፣ የወደደችውን ሰው ተከትላ፣ ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። ወንድሟ ሰዓት ሠሪው ግን ሱቁን ዘግቶ እናቱን እስከ መጨረሻዋ እስትንፋስ ይጠብቃል። እናት ትሞታለች፤ ትልቋ ለቀብር እንኳ አትደርስም። በቃ፣ ይኸው ነው፤ ሦስት መቶ ገጽ። ለትልቋ ጥሩ ሳቅ ሰጥቻታለሁ፣ በልብስ ሳሙና የተላጡ እጆች ሰጥቻታለሁ፣ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ከእናቷ አልጋ ሥር መሬት ላይ አስተኝቻታለሁ፤ ጭራቅ ሣለ እንዳልባል። ፍርዱን ግን ለማንም አልተውኩም። የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ ክፉዋንና ደጉን አያምታታቸውም ብዬ እምል ነበር። እነዚህ ሁለት ሴቶች ገልብጠውታል። ትልቋን አንጀቴን በላችኝ እያሉ፣ ሰዓት ሠሪውን፣ ያንን በጭንቅላቴ ሰባት ዓመት ያሳደግሁትን ንጹሕ ሰው፣ ዘር አይውጣልህ እያሉ ይረግሙታል።

ባለ መስኮቷ፣ ትልቋ ተመልሳ መጥታ ስታንኳኳ እንኳ እንዴት እንዲያ ይላታል፣ ስትል ጊዜ መታገሥ አቃተኝ። በመጽሐፌ ውስጥ ተመልሶ መጥቶ የሚያንኳኳ ሰው የለም። ከሌላ ሰው መጽሐፍ ጋር፣ ያውም ከአንዱ ተራ ደራሲ፣ ቀላቅላብኝ ነው ብዬ ወደ ፊት ጎንበስ አልኩና፣ ይቅርታ እህቶቼ፣ መጽሐፉን በደንብ ያነበባችሁት አይመስለኝም፣ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም አልኳቸው። ዞረው አዩኝ። የጀርባ ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶግራፌ ጠጉር ሳለኝ የተነሣሁት ስለሆነ አላወቁኝም። «አባቴ፣ ገጽ መቶ አርባ ሁለትን ዘለውት ነዋ» አለችኝ ባለ መስኮቷ፣ እንደ ሕፃን አዝናልኝ። አባቴ ማለቷ ራሱን የቻለ በደል ነበር። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረዱ፤ መጽሐፌን ይዘውት ሄዱ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። መጽሐፌን አላነበብኩትም። ጽፌዋለሁ፤ አላነበብኩትም። የአሠራር ልማዴ ነው። በባለ መስመር ደብተር ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ወደ ኋላ ተመልሼ አላይም፣ ደብተሩ ሲሞላ ለታናሽ እህቴ አቀብላለሁ። የእጅ ጽሑፌን ከፈጠረኝ ቀጥሎ ማንበብ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። የጽሕፈት አገልግሎት የምትሰጥባት አንዲት ክፍል አለቻት፤ ማመልከቻ፣ የሥራ ታሪክ፣ የቤት ኪራይ ውል ትጽፋለች፣ በትርፍ ሰዓቷ የእኔን። ትተይባለች፣ ታርማለች፣ ማተሚያ ቤት ትወስዳለች፣ የመጨረሻውን ረቂቅ አይታ የምትፈርመውም እሷ ናት። አራት መጽሐፍ እንዲህ አወጣን። ጋዜጠኞች ሲጠይቁኝ፣ እናት የወለደችውን መልሳ አታረግዝም፣ እኔም የጻፍኩትን አላነብም እላለሁ፤ ይህች አባባሌ አገር አዳርሳለች። እንግዲህ በዚያ ጧት ከአውቶቡሱ ስወርድ ከተማው ሁሉ ያነበበውን መጽሐፍ ያላነበብኩ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። የመጣሁትም ለአንባብያን ጉባኤ ነው። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ገና ቁርስ ላይ ሳለሁ ደውሎ፣ ሁለተኛው እትም ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማተሚያ መኪና ይገባል፣ የምታስተካክለው ካለ ከዚያ በፊት ንገረኝ፣ ከዚያ በኋላ አልሰማህም ብሎኛል። የእኔ ሥራ ምን ማስተካከያ ይፈልጋል ብዬው ነበር።

የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወንበሮቹ ሃያ ስምንት ቢሆኑም ሕዝቡን ሦስት መቶ ብለው ወንጀል አይሆንብኝም፤ ከፊሉ ቆሟል፣ አንድ ሁለት ሰውም በመስኮት ያያል። የጨርቅ አበባ የተቀመጠበት ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ድምፅ ማጉያው እንደ ጉንፋናም እያስነጠሰ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር መድረኩን ይመራሉ፤ ስለ እኔ የተናገሩት መግቢያ አጭር ነበር፣ ስምንት ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ዕድሉን ለአንባብያን ሲሰጡ ደብዳቢ ተሰለፈ ማለት ይቀላል። አንዱ ሰዓት ሠሪው ፈሪ ነው አለ። ሌላዋ ፈሪስ ያፍራል፣ እሱ ቀናተኛ ነው አለች። አንድ ጎልማሳ፣ እህቱ ያስታመመችበትን አራት ዓመት እሱ ባስታመመው አሥራ አንድ ቀን ሊገዛ የፈለገ ሰው ነው ሲል አጨበጨቡለት። እኔ ተነሥቼ ተሟገትኩ። ሰዓት ሠሪው ደግ ነው፣ ብቻውን የቀረ ሰው ነው፣ ማንም ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ብዬ አርባ ደቂቃ ያህል ተናገርኩ፤ መምህሩ ኋላ ስድስት ነበር አሉ። ማንም አልተረታም። ደራሲውን ገጸ ባሕርይው አታሎታል ብሎ አንድ ልጅ እግር ከኋላ ሲስቅ ደሜ ፈላ። መምህሩ ሊያረጋጉኝ ፈልገው፣ ደራሲ የሠራው ቤት ሌላ ሰው ሲኖርበት ሌላ ነው አሉ። እኔም ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እያንዳንዷን ጡብ አውቃታለሁ አልኩ።

ያን ጊዜ አንዲት የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ የመጣች ነርስ ተነሣች። መጣላት የፈለገች አትመስልም፤ ድምፅዋ እንደ በሽተኛ አስታማሚ ለስላሳ ነው። ደራሲያችን ሰዓት ሠሪውን መውደድዎን አልነቅፍም፣ አለችኝ፣ ግን እርስዎ ራስዎ የጻፉትን ገጽ ምን እናድርገው? መጽሐፉን ከፈተችና አነበበች።

«በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። ሰዓት ሠሪው ሳይከፍት ማነው አለ። እኔ ነኝ አለች ትልቋ፤ ሻንጣዋን መሬት ስታስቀምጥ ተሰማው። እማዬን አየት አድርጌያት እመለሳለሁ፣ አለች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እማዬ ዓይንሽን ማየት አልፈልግም ብላለች፣ ሂጂ፣ አላት። በደከመ ድምፅ እናትየው ከጓዳ፣ ማነው፣ እሷ ናት እንዴ፣ አለች። ሰዓት ሠሪው ወደ ጓዳው ገባ ብሎ፣ ቤት የተሳሳተ ሰው ነው እማዬ፣ አላት። ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ሥር አንዲት ልጅ ያጠበችውን ሳህን ይዛ ቆማ ነበር፤ ውሃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል። ውጭ ብዙ ጊዜ ዝም ሆነ። ከዚያ ሻንጣው ከመሬት ሲነሣ ልጅቷ ሰማች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናትየው በር በተንኳኳ ቁጥር ከትራሷ ቀና ትል ነበር፤ እስከ አሥራ አንደኛው ቀን።»

ነርሷ መጽሐፉን ዘጋች። ከዚህ በኋላ፣ አለች፣ ሰዓት ሠሪው ለለቀስተኛው ሁሉ፣ ለቀብር እንኳ አልመጣችም፣ ባለ ቁጥር የሰው ጠጉር ይቆማል፤ አንድ ገጽ ብቻ አስገብተው ሦስት መቶውን ገጽ መገልበጥዎ የሚደነቅ ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጭብጨባ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያኛው ግን ጥርሴን ያነቃነቀኝ የለም። ያንን ገጽ አልጻፍኩትም። አንዷን ፊደል እንኳ አልጻፍኩም። የተጻፈው ግን በአንድ ቤት ውስጥ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ሃያ ዓመቴ ሳለ፣ ከምሳ በኋላ የሆነ ነገር ነው። ትልቋ እትዬ የምላት የእኔ ታላቅ እህት ናት። በሩን ያልከፈትኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ከእኔ፣ ከእትዬና ከእናቴ በቀር የሰማ የለም ብዬ ሠላሳ ዓመት ተኝቻለሁ፤ እናቴ ሞታለች፣ እትዬም የሰማችው ግማሹን፣ ያውም ውሸቱን ግማሽ ብቻ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ታናሽ እህቴ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች እንደነበር ትዝ ያለኝ እዚያ የጨርቅ አበባ ፊት ነው።

በዚህ ላይ ስለ ልጅቷ መከራከር ጀመሩ። በመጽሐፉ ውስጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የትም የለችም፣ ታዲያ ማናት አሉ። አንዱ መልአክ ናት አለ። አንዷ ትልቋ ራሷ በልጅነቷ ናት አለች። እውነት ነው፣ በመጽሐፌ ውስጥ ታናሽ እህት የለችም። ሦስት ልጅ ታሪክ ያጨናንቃል ብዬ አውጥቻታለሁ፤ ስትተይበው ታየዋለች ብዬ እንኳ አላሰብኩም። መምህሩ ደራሲው ቢነግሩን ይሻላል ብለው ድምፅ ማጉያውን ወደ እኔ ገፉት። እውነቱን ልናገር የሚገባኝ ቦታ ያ ነበር ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ልጅቷ ሕሊና ናት፣ ያቺን ገጽ ስጽፍ ሦስት ሌሊት አልቅሻለሁ አልኩ። ሦስት መቶው ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ሃያ ስምንቱ ማለቴ ነው።

ወደ እህቴ ክፍል በእግሬ ሄድኩ። የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጀሁ፤ ያን ያህል የሚቆርጥ ንግግር ተናግሬ አላውቅም። ደብተሬን አምኜ ሰጠሁሽ። ለአንቺ ብቻ። ከጀርባ የሚወጋ ባዕድ ቢሆን ይሻል ነበር። ገጹን አሁኑኑ አውጪው፣ ለማተሚያ ቤቱ ያልታረመውን ላኪለት፣ ከዚያ በኋላ አንቺና እኔ እንጃ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። ክፍሏ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤትና ከአንድ ጫማ መደብር መሀል የተሰነቀረች ናት፤ ኮምፒውተር፣ ማተሚያ፣ ገበሬ ያረሰው የሚመስል የእንጨት ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ላይ ለአንድ ገጽ ይህን ያህል፣ ለአስቸኳይ እጥፍ የሚል ዋጋ፣ ለባለጉዳይ የሚሆን አንድ አግዳሚ ወንበር። ስገባ አንዲት ሴትዮ የልጇን የትምህርት ቤት ዝውውር ማመልከቻ ተቀብላ እየወጣች ነበር። እህቴ ገና ፊቴን ስታይ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሰላምታም አላለችኝ። «ዛሬ አነበብከው» አለች።

አላነበብኩም፣ አነበቡልኝ አልኳት። ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ፤ እስከ ባዕድ ቢሆን ድረስ ደርሼ ተቋረጠ፣ ምክንያቱም አልተከላከለችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ተማሪ ታዳምጠኛለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት ወደ ማተሚያው እያየች ነገረችኝ። እትዬን ከተገናኘቻት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ዕቃ ልገዛ ነው እያለችኝ የምትሄደው እሷ ዘንድ ነው። እትዬ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። እነዚያን ዘጠኝ ዓመታት ሁሉ ሻይ አፍልታ በሰጠቻት ቁጥር የምታነሣው አንድ ነገር ነው፤ እማዬ ዓይኗን ማየት አልፈልግም ብላ ሞተች፣ ምን ብበድላት ነው ትላለች። «ልነግራት አፌ እምቢ አለኝ» አለችኝ እህቴ። «አንተን አሳልፌ መስጠት መሰለኝ። ደብተርህን ስተይብ ግን ለቀብር እንኳ አልመጣችም የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ከዚያ በራሱ ጻፈ።»

ታዲያ አሁን አውጪው አልኳት። ድምፄ አንሶብኝ ነበር። ማውጣቱ ቀላል ነው አለች፣ መጽሐፉ ያንተ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን እትዬ አንብባዋለች። ልክ እንደወጣ ነው የላክሁላት፣ ደወለችልኝ፣ ይህን ማን ጻፈው፣ እሱ ራሱ ነው ወይ አለችኝ፤ አዎ ራሱ ነው አልኳት። ሁለት ወር ሙሉ ስልክህን እየጠበቀች ነው። አፍሮ ነው፣ ጊዜ እንስጠው፣ የጻፈ ሰው መናገሩ አይቀርም ትላለች። ይህን እያለችኝ ስልኳን አንሥታ ቁጥሩን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ ጋሼ፣ አለች፣ ጻፍኩት በላት። የሌላ ሰው ሥራ የኔ ነው ማለት ላንተ አዲስ አይደለም።

ይህ ዘለፋ ነበር፤ ተገቢ ስለነበር አልፌዋለሁ። ስልኩን አየት አድርጌ ልመልሰው ስል ግን ጣቴ ነክቶት ጠርቶ ኖሯል፣ ከወዲያ «ታናሿ» የሚል ድምፅ መጣ። አረጀ እንጂ ሳቁ ያለበት ድምፅ ነው። እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ በልጅነቴ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠራኝን፣ እሷ ራሷ ያወጣችልኝን ስም ጠራች። «ጥሩንባው» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ማንም እንዲህ ብሎ አልጠራኝም። እንዴት ነህ ሳትል፣ ጤናህን ሳትል፣ ገጹን በቃሏ እንደያዘችው፣ ትራሷ ሥር አድርጋ እንደምትተኛ ነገረችኝ። እማዬ እሷ ናት እንዴ ማለቷን ያነበበች ለት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ መተኛቷን ነገረችኝ። እኔ አዎ እትዬ፣ አዎ እትዬ እላለሁ። እህቴ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ነገሩ እዚያ ላይ ማብቃት ይችል ነበር፤ ማለቅም የሚገባው እዚያ ነበር። ግን እትዬ ቀጠለች።

«ሌላ ሰው ነግሮኝ ቢሆን አላምንም ነበር» አለችኝ። «ወይ አዝኖልኝ ነው፣ ወይ ሊያስታርቀን ነው እል ነበር። አንተ በራስህ እጅ በራስህ ላይ መጻፍህ ነው ያሳመነኝ። ጀግና ነህ።»

ጀግና ተብዬ ሳልቀበል የቀረሁበት ጊዜ የለም። ከበደል ጋር ተደርጎ ቢመጣ፣ በስሕተት የሌላ ሰው ቢሆን፣ አድራሻ ጠፍቶበት እኔ ደጅ ቢያድር እቀበላለሁ። ይህኛውን ግን መቀበል አቃተኝ። ከበሩ ማዶ ያን ያህል የቆመችውን፣ ሻንጣዋን ያነሣችውን ሴት፣ አሁንም እንደገና ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ ልመልሳት መሰለኝ። «እትዬ፣ እኔ አልጻፍኩትም» አልኳት። እህቴ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ በሁለት እጇ አትበል አትበል ትለኛለች። ከዚያ እትዬ፣ ያ ሳቅ ከድምፅዋ ወጥቶ፣ «ታዲያ ውሸት ነው? እማዬ አልጠየቀችኝም?» አለች። ይህን ነው ያላሰብኩት። የሰውን ሆድ አውቃለሁ እያልኩ አራት መጽሐፍ ጽፌ፣ እዚያ ላይ እንደምትደርስ አላወቅሁም።

«እውነት ነው» አልኳት። «ጠይቃሻለች። በየቀኑ ጠይቃሻለች። የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ማን ጻፈው ብላ አልጠየቀችም። እትዬ ሞኝ አይደለችም፤ ከእኛ ሁሉ ብልህ እሷ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት በእጇ ሻይ የጠጣችው፣ እሷ ስታለቅስ እያየች ዝም ያለቻት ማን እንደሆነች በአንድ ትንፋሽ ደረሰችበት። ስልኩን ስጣት ብቻ አለችኝ። ሰጠኋት። እህቴ ጆሮዋ ላይ አድርጋው ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። የምትለውን ሰማሁ፤ እትዬ የምትለው አይሰማኝም። አዎ አለች። እንደገና አዎ አለች። ያኔ ገና ዘጠኝ ዓመቴ ነበር አለች። ከዚያ፣ አይ፣ ያኔ ብቻ ሳይሆን ኋላም፣ አዎ፣ አውቅ ነበር አለች። ከዚያ በኋላ ምንም አላለችም፤ ስልኩ ከወዲያ ተዘግቶ ነበርና።

ይህን ሁሉ ሳወራችሁ ለራሴ ጥሩ ቃል ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም። እውነት መናገሬ ያምር የነበረው ዋጋውን እኔ ብቻ ብከፍል ነው። እህቴ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ መልሳ አወለቀችው። አልጮኸችም። «ዕድሜህን ሙሉ ያልሠራኸውን የኔ ነው ስትል ኖረህ» አለችኝ፣ «ዛሬ፣ ዛሬ ብቻ ነው እውነት ያማረህ?» እኔን አሳልፋ ለሕዝብ የሰጠችኝ እሷ፣ እሷን አሳልፌ ለእትዬ የሰጠሁ እኔ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተፋጠን ቀረን። ከወዲያኛው ግድግዳ የጥርስ ሐኪሙ መቦርቦሪያ ይጮኻል። ልንካት እጄን ዘረጋሁ፤ ወረቀት የምትደረድር መስላ ራቅ አለች።

ስልኬ ጠራ። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ መኪናው ዝግጁ ነው፣ የሚነካ ነገር አለ ወይ ይለኛል። እህቴ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ሥራዋን አቆመች። አንዲት ፊደል እንዳትነካ አልኩት። እንዲያውም ገጽ መቶ አርባ ሁለት ላይ ቀለም ቢደበዝዝ፣ ዝቅ ቢል፣ አንዲት ነጥብ ብትጎድል እመጣብሃለሁ አልኩት። ምን ነካህ፣ ቢያንስ አንድ ገጽ አንብበህ ኖሯል ብሎ ሳቀብኝና ዘጋ። እህቴ መተየብ ጀመረች። ምን እንደምትጽፍ እንጃ፤ ጠረጴዛው ላይ የሰው ጉዳይ አልነበረም።

በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ በላስቲክ የተጠቀለለ ፋይል ታቅፈው ገቡ። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ወረፋ ላይ ነህ ወይ ልጄ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ጉዳያቸው የቸኮለ መሆኑን፣ ቢሮው ሊዘጋ አንድ ሰዓት እንደቀረው ነገሩኝና፣ «ካንተ በፊት ስንት ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእህቴ በቀር ማንም አልነበረም።

ሁለት፣ አልኳቸው፣ ሁለቱም እህቶቼ ናቸው፤ እርስዎ ከቸኮሉ ይቅደሙኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና መጠበቅ ጀመርኩ።